ግንቡን ጠበቅን፤ የሲራራው ነጋዴ መንገድስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ ስለ ጎንደር ቅርሶች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ስለ ፋሲል ግንብ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ስለ ቁስቋም የተጻፈው ጥሩ ነው። ለልጆቼም አስነብቤያለሁ። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንድ ነጋዴ አልነበረም። በቅሎ የለም፣ ጭነት የለም፣ ጨው የለም፣ ቡና የለም። ጎንደር የንጉሥ ከተማ ብቻ አልነበረችም። የመንገድ ከተማም ነበረች። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ስለዚያ መንገድ ነው።

ሐሳቤን የማስረዳው በጃፓን ተራሮች መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ ነው። ሩቅ ሄድክ እንዳትሉኝ፤ መጨረሻው እዚሁ ጎንደር፣ እኔ በምኖርበት በሙስሊሞቹ ሰፈር በአዲስ ዓለም ነው። ዓመታቱን ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እኔ አናጢ ነኝ። አባቴም አናጢ ነበሩ። አያቴ ግን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ከጎንደር ጭነው በአምባ ጊዮርጊስ፣ በገደብዬ፣ በዳባት አድርገው ደባርቅ ይገባሉ። ከዚያ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደው ዛሪማ፣ ከዛሪማ አዲ አርቃይ፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግረው እስከ አድዋ ይዘልቁ ነበር። አባቴ ይህን መንገድ እንደ ቁርኣን በቃላቸው ይዘውት ነበር። የት ውሃ አለ፣ የት ጅብ ይበዛል፣ የትኛው ዋርካ ሥር ጭነት ይራገፋል፣ ሁሉንም ይነግሩን ነበር። እሳቸው ሲሞቱ ግማሹ አብሯቸው ሄደ።

የእህቴ ልጅ ለትምህርት ጃፓን ነው ያለው። የእንጨት ቤት ባየ ቁጥር ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። አንድ ቀን ደውሎ «አጎቴ፣ የአያታችንን መንገድ የመሰለ መንገድ በእግሬ ሄድኩ» አለኝ። ማጎሜ ከምትባል ከተማ ተነስቶ፣ አንድ የተራራ በር አልፎ፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ትሱማጎ ደርሷል። በመንገዱ ዳር ድብ የሚያባርሩበት ደወል ተሰቅሏል አለኝ፤ መንገደኛ እየደወለ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ስለዚያች ከተማ ያላነበብኩት፣ ያልጠየቅኩት ነገር የለም ማለት እችላለሁ። እሱም ጥያቄዬን መመለስ አልሰለቸውም።

መንገዱ ናካሰንዶ ይባላል። ቶኩጋዋ ኢየያሱ የሚባለው መስፍን በ1600 በሴኪጋሃራ ጦርነት ድል አደረገ። በ1603 ሾገን ተባለ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ስም አገሩን የሚገዛ የጦር አለቃ ማለት ነው። መናገሻውን ኤዶ አደረገ፤ ዛሬ ቶኪዮ የምንላት ናት። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ኪዮቶ ነበር የሚኖረው። አገር ለመግዛት መንገድ ያስፈልጋልና ከኤዶ የሚነሱ አምስት ዋና ዋና መንገዶች ተደራጁ። ከእነዚህ ሁለቱ ኤዶን ከኪዮቶ ያገናኛሉ። አንደኛው፣ ቶካይዶ፣ የባሕሩን ዳር ይዞ ይሄዳል፤ 53 ጣቢያዎች ነበሩት። ሁለተኛው ናካሰንዶ ነው። ተራራ ለተራራ 530 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ጣቢያዎቹ 69 ናቸው። ትሱማጎ ከኤዶ ሲቆጠር 42ኛዋ ናት። ኪሶ በሚባል ጠባብ ሸለቆ ውስጥ፣ ግራና ቀኝ ደን ነው።

ጣቢያ ስል መኪና የሚቆምበት እንዳይመስላችሁ። መንደሩ ራሱ ነው ጣቢያው። መንገደኛ ያድራል፣ ፈረስ ይቀየራል፣ ጭነት ከአንዱ ተሸካሚ ወደ ሌላው ይተላለፋል፣ የመንግሥት ደብዳቤ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር ደግሞ በየአራት ኪሎ ሜትሩ ገደማ የአፈር ጉብታ ተሠርቶ ዛፍ ይተከልበት ነበር። መንገደኛው ምን ያህል እንደተጓዘ በዚያ ያውቃል፤ ጥላውም ያሳርፈዋል።

ይህን ሁሉ ያቆመው የሾገኑ ፍርሃት ነው። በ1635 በወጣ ሕግ መሳፍንቱ ሁሉ ዓመት እየፈረቁ ኤዶ እንዲቀመጡ ታዘዙ። ወደ ግዛታቸው ሲመለሱ ሚስትና ልጅ ኤዶ ይቀራሉ። መያዣ ናቸው ማለት ነው። እኛ ዘንድም በዚያው ዘመን ነገሥታቱ የራሳቸውን ወንድሞችና ልጆች ወህኒ አምባ ላይ ያስቀምጡ ነበር። እዚያ የመሳፍንቱ ቤተሰብ፣ እዚህ የንጉሡ ቤተሰብ። ዘመኑን ካነሳሁ ላይቀር አንድ ልጨምር። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ መጀመሪያ ከፖርቱጋሎች ጋር የመጡትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ኢየሱሳውያኑን፣ አስወጥተው በ1636 ጎንደርን ቆረቆሩ። ጃፓን ደግሞ በ1639 የፖርቱጋል መርከብ እንዳይደርስባት ከለከለች። ሁለት አገሮች፣ ሳይተዋወቁ፣ በአንድ አሥር ዓመት ውስጥ ለአንድ እንግዳ በራቸውን ዘጉ። ይህን ሳነብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንግዲህ መሳፍንቱ በየዓመቱ ከነአጀባቸው ሲመላለሱ ማደሪያ ይፈልጋሉ። በየጣቢያው ለመሳፍንትና ለትልልቅ ሹማምንት ብቻ የተለየ አንድ ዋና ቤት ነበር፤ ሆንጂን ይሉታል። ሁለተኛ ረዳት ቤት አለ። ተራው መንገደኛ የሚያድርባቸው ቤቶች ከዚያ በታች ናቸው። ፈረስና ተሸካሚ የሚያቀርብ ቢሮም አለ። በናካሰንዶ አንድ ጣቢያ 50 ሰውና 50 ፈረስ ሁልጊዜ አዘጋጅቶ መጠበቅ ነበረበት። በኪሶ ሸለቆ መሬቱ ድሃ ስለሆነ ወደ 25 ሰውና 25 ፈረስ ተቀንሶላቸዋል።

25 ፈረስ ለትልቅ መስፍን አጀብ ምን ይሆናል? አይበቃም። ስለዚህ በዙሪያው ያሉ መንደሮች ሰውና ፈረስ እንዲያዋጡ ይገደዱ ነበር። እርሻ በደረሰበት ሰዓት ገበሬው ማሳውን ትቶ የሰው ጓዝ ይሸከማል። ይህን የኛ አገር ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ድርጎ እንለው ነበር። የንጉሥ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንጀራው፣ ማሩ፣ በጉ ከገበሬው ጎተራና ጋጣ ነበር የሚወጣው። በ1861 የንጉሠ ነገሥቱ እህት ካዙኖሚያ ለሾገኑ ልትዳር ከኪዮቶ ወደ ኤዶ የሄደችው በዚሁ በናካሰንዶ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። አጀቧ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። ለሴት መንገደኛ ይህ መንገድ ይመረጥ ነበር፤ የባሕሩ ዳር መንገድ ብዙ ትልልቅ ወንዝ ያቋርጣልና። የዚያች ልጅ ጉዞ ታሪክ ሲጻፍ ስለ ክብሩ ብዙ ተብሏል። እኔ የማስበው ግን ጓዟን ተሸክመው ያንን አቀበት የወጡትን ነው።

ኬላም ነበራቸው። በኪሶ ሸለቆ ውስጥ ፉኩሺማ በምትባለው ጣቢያ (ከኒውክሌሩ ፉኩሺማ ሌላ ናት) ጥብቅ ኬላ ነበር። የኛ ኬላ የሚፈልገው ቀረጥ ነው። የነሱ ኬላ በዋናነት የሚፈትሸው ሁለት ነገር ነበር፤ ወደ ኤዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ የምትወጣ ሴት። የምትወጣ ሴት ለምን? መያዣ የነበረች የመስፍን ሚስት አምልጣ ይሆናላ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ ስለ እንጨት።

ኪሶ የደን አገር ነው። በተለይ ሂኖኪ የሚባል ዛፍ አላቸው። የኛ ጽድ ዘመድ ነው። ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ይሸታል፣ ምስጥ አይደፍረውም። በየሃያ ዓመቱ አዲስ ሆኖ የሚሠራው ትልቁ የኢሴ መቅደስ እንጨቱን የሚያገኘው ከኪሶ ነው። ደኑ የኦዋሪ መስፍን ነበር። ቤተ መንግሥትና ከተማ ሲሠራበት ተራራው መራቆት ሲጀምር፣ ሂኖኪን ጨምሮ አምስት ዓይነት ዛፎችን መቁረጥ ተከለከለ። ቅጣቱን ሕዝቡ «አንድ ዛፍ፣ አንድ ራስ» ይለው ነበር። የደን ሰው ሆኖ፣ በደን መካከል እየኖረ፣ ለገዛ ቤቱ ጥሩ እንጨት መቁረጥ አይችልም። የሾገኖቹ ሥርዓት በ1868 ሲወድቅ ክልከላው ላላ። በ1877 የትሱማጎው ረዳት ማደሪያ ቤት ባለቤቶች፣ ጠላ ሳይሆን የሩዝ መጠጥ ጠማቂ የነበሩ ቤተሰብ፣ ቤታቸውን እንደገና ከሂኖኪ ሠሩት። ኦኩያ ይባላል። ዛሬም ቆሟል። መሐል ቤቱ ላይ ምድጃ አለ፤ እሳት ይነድበታል። ጭሱ እንጨቱን ያጠቁረዋል፣ ከነቀዝም ይጠብቀዋል። እናቴ የጎጇችንን ጣሪያ ጥላሸት እንዳንነካ ለምን እንደምትከለክለን ያን ጊዜ ገባኝ።

የእህቴ ልጅ የላከልኝን ፎቶ ትልቅ አድርጌ አየሁት። የፎቁ ወለል ከምድር ቤቱ ግድግዳ አልፎ ወደ መንገዱ ብቅ ይላል። የሚሸከመው ግድግዳው አይደለም፤ ከውስጥ የመጡ ወራጆች ናቸው ጫፋቸውን አውጥተው የያዙት። መስኮቱ ቀጥ ቀጥ ያለ የእንጨት ፍርግርግ ነው፤ ከውስጥ ያለው ያያል፣ ከውጭ ያለው አያይም። የድሮው ጣሪያቸው ደግሞ የተፈለጠ ሳንቃ ሆኖ ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይ ይጫንበት ነበር። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መሮና መላጊያ ይዤ ያንን መገጣጠሚያ በእጄ ብነካው ደስ ይለኝ ነበር። መንገዱም ራሱ ታስቦበት የተሠራ ነው። አንድ ቦታ ላይ በድንገት ይታጠፋል፣ ወዲያው ደግሞ ይታጠፋል። ጠላት ቢመጣ በሩጫ እንዳያልፍ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ተረፈ? ዋናው ጉዳዬ እዚህ ጋ ነው።

አልተረፈም ነበር። በ1872 የጣቢያ ሥርዓቱ ፈረሰ። መሳፍንት አይመጡም፣ ፈረስ አይቀየርም። በ1911 የባቡር ሐዲዱ ሥራ ሲያልቅ ባቡሩ ትሱማጎን ሳይነካት በኪሶ ወንዝ በኩል አለፈ። ሰው በባቡር ሄደ፣ ጭነትም በባቡር። ወጣቱ ወደ ከተማ ተሰደደ። ቤቶቹ ዘመሙ። ገንዘብ ስላልነበረ ግን የሚያፈርስም፣ ብሎኬት የሚያቆምም አልመጣም። ሌሎች ብዙ ጣቢያዎች ሀብታም ሲሆኑ አሮጌ ቤታቸውን ጣሉ። ትሱማጎን ድህነቷ አቆያት።

በ1968 ነዋሪዎቹ ከተማቸውን ለመጠበቅ ማኅበር አቋቋሙ። አባወራው ሁሉ ገባበት። መንግሥትም ሆነ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች አገዟቸው፣ በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ ሰፈር ከ20 በላይ ቤቶች ተጠገኑ። በ1971 ደግሞ አንድ ቃል ኪዳን አጸደቁ። ሦስት ነገር ነው፤ አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም። የገዛ ቤታቸው ላይ ነው ይህን የፈረሙት። የአገሪቱ የቅርስ ሕግ አንድን ቤት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሰፈርን እንዲጠብቅ ሆኖ የተሻሻለው ከዚያ በኋላ፣ በ1975 ነው። በ1976 በዚያ ሕግ መጀመሪያ ከተመዘገቡት መካከል ትሱማጎ አንዷ ሆነች። የተመዘገበው መንደሩ ብቻ አይደለም። በዙሪያው ያለው ደንና አሮጌው የእግር መንገድ ጭምር ከ1,200 ሄክታር በላይ ነው። ቀን ቀን መኪና በዋናው መንገድ አያልፍም። የኤሌክትሪክ ሽቦውም ከዓይን ተሰውሯል።

ሆንጂኑ፣ ያ የመሳፍንቱ ዋና ማደሪያ፣ ፈርሶ ጠፍቶ ነበር። ቦታው ባዶ ነበር። የድሮው የወለሉ ንድፍ ግን በወረቀት ተቀምጦ ነበርና በ1995 በዚያ ንድፍ መሠረት እንደገና ቆመ። አንድ ወረቀት ነው ያስነሳው። ይህን ስሰማ ወንበሬ ላይ መቀመጥ አቃተኝ።

ጎረቤቷ ማጎሜም አለች። እሷ በ1895 እና በ1915 ተቃጥላለች። ዛሬ የምትታየው ከዚያ በኋላ የተሠራችው ናት። በድንጋይ የተነጠፈ ቁልቁለት መንገዷ ግን አሁንም የድሮውን መስመር ይከተላል።

ጎንደርም ተቃጥላለች። በ1866 አፄ ቴዎድሮስ አቃጠሏት። በ1888 ድርቡሾች፣ የሱዳን መሐዲስቶች፣ መጥተው አብያተ ክርስቲያናቱን ሳይቀር አነደዱ። ነጋዴው ግን እየተመለሰ ሠራ። የኛ ሰፈር አመጣጥ ራሱ የመንገድ ታሪክ ነው። በ1668፣ በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ከቤተ መንግሥቱ ራቅ ብለው ቁልቁል ሰፈሩ። የሩቁን ንግድ በብዛት የያዙት እነሱ ነበሩ። በምዕራብ በጭልጋ በኩል መተማና ሱዳን፣ በሰሜን በሊማሊሞ በኩል ምፅዋ፣ በደቡብ ጎጃምን አቋርጦ ከዓባይ ማዶ። ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ አሞሌ ጨው። ባሪያም ተነድቶበታል፤ ይህንንም አብረን ካልጻፍን ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር የገባው በዚሁ በሊማሊሞ ወጥቶ ነው። በ1930ዎቹ ጣሊያን ያንን ገደል ጠርቦ የመኪና መንገድ ሲያወጣበት የአያቴ ንግድ አበቃ። ለነሱ ባቡር የሆነው ለኛ መኪና ሆነ።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፤ መካድ የለብኝም። እኛ በየመንገዱ የእንግዳ ማደሪያ ቤት አልሠራንም። ሲራራው ሜዳ ላይ ድንኳን ጥሎ፣ ጭነቱን እንደ አጥር ከብቦ፣ እሳት አንድዶ ነው የሚያድር። ብቻውን የመጣ ደግሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ብሎ ገበሬ ቤት ይገባል። ስለዚህ ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ እንደ ትሱማጎ የተደረደረ የጣቢያ ቤት ብንፈልግ አናገኝም። የኛ ጣቢያ ሜዳው ነው፤ ዋርካው፣ ምንጩ፣ ስሙ። ቤት የቀረልን እዚህ ጎንደር፣ ነጋዴው ራሱ በሚኖርበት ሰፈር ነው። እሱም እየሄደ ነው።

እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። በሰፈራችን አንድ አሮጌ የነጋዴ ቤት ነበር። ድንጋይና ጭቃ ሆኖ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ ለጭነት፣ ላዩ ለቤተሰብ። በሩ ሁለት ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ፣ ጭነት ያለች በቅሎ ከነጭነቷ እንድታልፍ ሰፊ ሆኖ የተሠራ። ወራጁ ጽድ ነው። ባለቤቶቹ አለፉ። ወራሾቹ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ አዲስ አበባ፣ ግማሾቹ ውጭ አገር። ጣሪያው ያፈስሳል። ማን ይጠግን? ተሸጠ። ገዢው ሊያፈርስ ሲመጣ ሜትሬን ይዤ ሄድኩና ልለካ ብዬ ለመንኩት። ፈቀደልኝ፤ ደግ ሰው ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስለካ ዋልኩ። የግድግዳውን ውፍረት፣ የደረጃውን አወጣጥ፣ ወራጁ ግድግዳው ላይ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ሁሉንም በልጄ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ሣልኩት። በማግስቱ ፈረሰ። አሁን እዚያ ቦታ ላይ የብረት በር ያለው ብሎኬት ቆሟል።

ገዢውንም ወራሾቹንም አልወቅስም። ሰው ልጁን ማስተማር አለበት። አንዳንድ ወዳጆቼ የትሱማጎን ነገር ስነግራቸው «አንሸጥም አናፈርስም ብለን እንማማል» ይላሉ። ልባቸውን እወደዋለሁ። ግን አይሆንም። አራት ወራሽ ያለበትን፣ ኪራዩ ለእናት መድኃኒት የሚሆን ቤት አትሽጥ፣ አታከራይ ማለት ግፍ ነው። ትሱማጎም በባዶ እጇ አይደለም የቆመችው። የተመዘገበ ቤት ሲጠገን መንግሥትና ማዘጋጃ ቤቱ ከወጪው ይካፈላሉ። እንግዳውም ሲመጣ ገቢ አለ። እኛ ጋ ደግሞ ያለፉት ዓመታት ጦርነትና የጸጥታ ችግር እንግዳውን አርቆብናል። የሆቴል ሠራተኛው፣ አስጎብኚው፣ የበቅሎ ባለቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ከሦስቱ ቃል አንዷን ብቻ እንያዝ ነው የምለው። እሷንም አለስልሰን። ሳይለካና ሳይሣል አይፍረስ። ይኸው ነው። መሸጥ ይሽጥ፣ ማፍረስም ካለበት ያፍርስ። ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ሜትርና ደብተር ይዞ ይግባ።

ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። አናጢ አለን፣ ግንበኛ አለን፣ ሥራ የሚፈልጉ የኮንስትራክሽን ተማሪዎች አሉን። ስልኩ ላይ ካሜራ የሌለው ወጣት የለም። በየሰፈሩ ሁለት ሦስት ሰው ቢኖር ይበቃል። አንድ ቤት ሊፈርስ ነው ሲባል እድሩ ቀድሞ ይሰማል። እድሩ ይንገረን፣ እኛ እንለካለን። መግቢያ መውጫውን፣ የበሩን ቁመት፣ የእንጨቱን ዓይነት፣ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ካለ ስሙን እንጽፋለን። የሚፈርሰው በር ከነማጠፊያው ተነቅሎ የሚቀመጥበት አንድ መጋዘን ቢገኝ ደግሞ እሰየው። ዛሬ ለማገዶ እየዋለ ነው።

የመንገዱ ነገር ግን ለኔና ለሜትሬ ብቻ አይሆንም። እዚህ ላይ ነው ጋዜጣችሁን የምፈልገው። በየሳምንቱ አንድ ጠባብ ዓምድ ስጡት። «የሲራራ መንገድ» በሉት፣ ወይም እናንተ እንደወደዳችሁ። አንባቢ ይጻፍበት። የዳባት ሰው አያቱ የነገሩትን የማደሪያ ስም ይላክ። የጭልጋ ሰው ኬላው የት እንደነበር፣ የትኛው ኮረብታ ላይ እንደሚቆሙ ይንገረን። የዛሪማ ሰው ሊማሊሞን የሚወጡ ነጋዴዎች በቅሎ የሚያሳርፉበትን ምንጭ ያሳየን። ሴቶቹም ይጠየቁ። ለመንገዱ ስንቅ ያዘጋጁ የነበሩት እነሱ ናቸው። በሶውን፣ ቋንጣውን፣ ዳቦ ቆሎውን ለስንት ቀን ምን ያህል እንደሚቋጥሩ የሚያውቅ ወንድ የለም። እነዚህ ሰዎች ዛሬ ሰማንያ፣ ዘጠናቸው ውስጥ ናቸው። ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

ዓምዱን ለመጀመር የኔን ሥዕሎች ብትፈልጉ አሉ። የፈረሰው ቤት ሙሉ ልኬት፣ አሁንም የቆሙ የሌሎች ጥቂት ቤቶች በርና መስኮት፣ እንዲሁም አባቴ ከነገሩኝ የማስታውሳቸው ከጎንደር እስከ ዛሪማ ያሉ ማደሪያዎች ዝርዝር። እጄ ለሥዕል የሠለጠነ አይደለም፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ነው፣ ሁለቴ ነው የለካሁት። ጋዜጠኛችሁ ጎንደር ሲመጣ አዲስ ዓለም ወርዶ አሮጌው አናጢ የት ነው ብሎ ቢጠይቅ ያሳዩታል። ከዓርብ ከሰዓት በስተቀር ሱቄ ክፍት ነው። ደብተሩን ፎቶ ማንሳት ይችላል፤ ደብተሩን ግን ይዞ አይሄድም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲራራ ነጋዴ የልጅ ልጅ
አዲስ ዓለም፣ ጎንደር